አንሼል ሩድኒክ የሸሻት ፊደል

ጺቭዬ ሩድኒክ ዝርዝሩን እስከ አሥራ ሰባተኛው ተራ ቁጥር ድረስ ራሷን እየነቀነቀች አነበበች። አሥራ ስምንተኛው ላይ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች፣ በሽርጧ ጠረገችና መልሳ አደረገች። የተጻፈው ያው ነው።

«'የአባት ኮፍያ'፣ ተውኔት በሦስት ገቢር። ደራሲ፦ ላዛር ቴፐርማን።»

«ደራሲ ማን?» አለች።

ከቤተ መዛግብቱ የመጣችው ልጅ ፍሬይድል ጉርላንድ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ እንደሰካች ቀና አለች። በዚያች ወጥ ቤት ወለል ላይ ተንበርክካ የአንድ ሰው ዕድሜ ስትለቅም ሦስት ቀኗ ነው። አራት ሻንጣ ሙሉ! የቢያሊስቶክና የሎጅ ከተሞች ቲያትር ቤቶች ማስታወቂያ፣ ጠርዙ የተበላ የተዋናይ ወረቀት፣ ከቦነስ አይረስ የመጣ የአድናቂ ደብዳቤ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሰው ሠራሽ ጢም፣ አንድ ያረጀ የተውኔት ጥራዝ፣ አንሼል በገዛ እጁ የጻፋቸው ሁለት ተውኔቶች። ማክሰኞ መኪና መጥቶ ሁሉንም ይወስዳል፤ ዝርዝሩም በዚያው ቀን ታትሞ ይወጣል።

«የጥራዙ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው፣ ወይዘሮ ጺቭዬ።»

«የመጀመሪያው ገጽ ከፈለገ ሙሴ ጻፈው ይበል! ጸሐፊው እዚያ መስኮት ሥር የተቀመጠው ነው። ባሌ ነው!»

አንሼል ፊቱን ከመስኮቱ ሳያዞር እጁን አወዛወዘ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጀርባው ግን እንደ ወታደር ቀጥ ያለ ነው።

«ይተዉት፣ ጺቭዬ» አለ። «ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም ባይነቅዝም ዝም ባዩ ይነቅዛል! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ሲባል አልሰማህም? ማክሰኞ ይሄ ወረቀት ታትሞ ወጣ ማለት የዛሬ መቶ ዓመት ማን ጻፈው ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ 'ቴፐርማን' ይባላል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ያንተን ስም እኮ ከነሕይወትህ ቀበሩት!»

«ይሁን» አለ አንሼል።

ይሁን! እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት አብራው ስትኖር ከዚህ ሰው አፍ አንዲት «እሺ» ወጥታ አታውቅም። «ይሁን» ነው፣ ወይ «ደግ» ነው፣ ወይ ራስ መነቅነቅ ነው። ሚስቱንም «አንቺ» ብሎ አያውቅም። «እርስዎ» ነው የሚላት፤ ሲጣሉም፣ ሲታረቁም፣ ወገቡን ስታሽለትም «እርስዎ»። የሰፈራቸው፣ የአይሁድ ቲያትር ቤቶች የተደረደሩበት የሁለተኛ ጎዳና ሴቶች በሙሉ በዚህ ይቀኑባታል። «አየሽ አክብሮት! እንደ መኳንንት እኮ ነው!» እያሉ ባሎቻቸውን ይጎስሙበታል። ተዋንያኑ በሚያዘወትሩት ቡና ቤትም ሻይ ሲያምረው «ያችን ብርጭቆ» ይላል እንጂ ስሟን አይጠራም። የሽንኩርት ዳቦውን ደግሞ በጣቱ ነው የሚያሳየው። አስተናጋጆቹ ኩራት ነው ብለው ለምደውታል።

ኩራት አልነበረም። ጺቭዬ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ማወቋን ግን እሱ አያውቅም።

ፍሬይድል ከወለሉ ተነሥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ደግ ልጅ ናት፤ ፊቷ ቀልቷል። «እኔ እኮ አምንዎታለሁ። ግን የኔ ማመን ማስረጃ አይሆንም። አለቃዬ ወረቀት አምጪ ነው የሚለኝ። ጌታዬ፣ ሬብ አንሼል፣ የመጀመሪያው የእጅ ጽሑፍዎ የት ገባ?»

«ከቴፐርማን ምድጃ» አለ አንሼል።

የቀረውን ጺቭዬ ጨመረችበት። ላዛር ቴፐርማን ማለት በዚያ ዘመን የሁለተኛ ጎዳና ንጉሥ ነው። የራሱ ቲያትር ቤት፣ የራሱ ሠረገላ፣ ሰገነት ላይ ተሰቅለው ስሙን እየጠሩ የሚያብዱ፣ ለሌላ ተዋናይ ካጨበጨቡት ጋር በቡጢ የሚተላለቁ የራሱ አድናቂዎች ነበሩት። አንሼል ከመርከብ የወረደው በዚያው ዘመን ነው፤ ተውኔቱን ኮቱ ውስጥ ሰፍቶ። ቴፐርማን በአንድ ሌሊት አነበበና በነጋታው አስጠራው። «ወንድሜ፣ አስለቀስከኝ» አለው። «ግን አንተን ማን ያውቅሃል? ይሄ በኔ ስም ይውጣ፤ ሁለተኛው ባንተ ስም ይወጣል።» ሁለተኛው አልወጣም። ሦስተኛውም አልወጣም። ሁለቱም ይኸው ሻንጣው ውስጥ ናቸው። አንሼል የአባትየውን ቦታ ለራሱ ብሎ በጻፈው ተውኔት ውስጥ የፖስተኛ ቦታ ተሰጠው። ሁለት ዐረፍተ ነገር! ቴፐርማን በአባትየው ስድስት ዓመት ነገሠበት። ሲሞት የሬሳ ሣጥኑ ላይ ያንኑ ኮፍያ አድርገው፣ ጎዳናው በሰው ተዘግቶ ነው የተቀበረው። አንሼል አንድ ቀን ቡና ቤት ውስጥ እውነቱን ቢናገር ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀበት። ከዚያ ወዲህ አፉን አልከፈተም።

«የምስክር ያለህ!» አለች ፍሬይድል። «የሰማ፣ ያየ፣ ማንም የለም?»

ጺቭዬ ባሏን አየችው። ነጭ ማጅራቱን፣ የተወለወለ ጫማውን፣ ጉልበቱ ላይ የተቀመጡትን ሁለት ትልልቅ እጆቹን አየች። ሰው ቁስሉን እንደሚሸፍን ሸፍኖ የኖረውን ነገር በእንግዳ ፊት ልትገልጥ ነው። ልቧ ፈራ። በኋላ ደግሞ ማክሰኞ ትዝ አላት።

«አለ» አለች። «ምስክሩ እኔ ነኝ። ያ ጥራዝ የማን ይመስልሻል? የኔ ነው! የቴፐርማን ቲያትር ቤት አስታዋሽ ነበርኩ። ከመድረኩ ሥር ሣጥን ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ የነዚያን ሁሉ ከዋክብት ጫማ አቧራ እየዋጥኩ፣ ቃሉን በሹክሹክታ የምመግባቸው እኔ። በሳምንት ሦስት ተውኔት እየለዋወጡ የሚጫወቱ ሰዎች ማን ቃል ያጠናል? ቴፐርማን ከኔ አፍ ያልወሰደው ቃል ቢኖር ስድቡ ብቻ ነው።»

«ደራሲው ማን እንደሆነ ነግረዎት ነበር?»

«ማንም አልነገረኝም። ጥራዙ ራሱ ነገረኝ። የአስታዋሽ ጠላቱ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? 'ሽ' ናት። ሌላውን ድምፅ ብታንሾካሹኪው እዚያው መድረኩ ላይ ይቀራል። 'ሽ' ግን እንደ እባብ እየተሳበች ሦስተኛ ረድፍ ትደርሳለች። አንድ ጋዜጠኛማ 'ከመድረኩ ሥር ያለው እባብ' ብሎ ጽፎብኛል፤ እግዜር ይይለት! ታዲያ 'የአባት ኮፍያ' የተከፈተ ቀን የአባትየውን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መገብኩ፤ አንድም ጊዜ አላፏጨሁም። ገረመኝ። ሳምንቱን ሙሉ ጥራዙን አገላበጥኩት። ሌሎቹ ሁሉ ይናገሯታል፤ ልጁ፣ ጎረቤቲቱ፣ ሻማ ሻጩ። አባትየው አፍ ውስጥ ግን፣ በሦስቱም ገቢር፣ አንዲት ሺን፣ የ'ሽ' ፊደል፣ የለችም!»

መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር ተንቋቋ። ጺቭዬ አላቆመችም፤ አሁን ካቆመች ድጋሚ እንደማትጀምር ታውቀዋለች።

«የዚያኑ ሳምንት ዓርብ፣ ከልምምድ ስንወጣ፣ አዲሱ ፖስተኛ መጋረጃ ጎታቹን ሲሰናበተው ሰማሁ። ማንም እንደማይሰማው ነው ያሰበው። መልካም ሰንበት ለማለት 'ጉት ሻቤስ' አይደል የሚባለው? 'ጉት ሳቤስ!' አለ። ሊትቫክ ነው! የሰሜን ሰው! ምላሱ 'ሽ'ን አታውቃትም፤ ሁሉም 'ስ' ነው የሚሆንበት። አፌን በእጄ ያዝኩ። ይሄ ሰው ነው የጻፈው አልኩ። አባትየውን ለራሱ ምላስ ነው የሰፋው። እሱን እያሳቀቀች የኖረችውን ድምፅ ከነሥሯ ነቅሎ አውጥቶ ነው ሰው ያስለቀሰው። በሚቀጥለው ጸደይ አገባሁት።»

አንሼል ተነሣ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል።

«ማን ጠየቀስ!» አለ። «አፍስን ዝጊ! ይሄን ሁሉ ዘመን እያወቅስ...»

ድምፁ ተቆረጠ። ምድጃው ላይ ያለው ማንቆርቆሪያ ብቻ ነበር የሚንሿሿው። የፍሬይድል እርሳስ ቆሟል። ከአፉ የወጣውን እሱም ራሱ ሰምቶታል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ። ተመልሶ ተቀመጠ።

ነገሩ ምን ያህል እንደሚያመው ጺቭዬ አሳምራ ታውቃለች። ጥንት በዮርዳኖስ መሻገሪያ «ሺቦሌት በል» ተብሎ «ሲቦሌት» ያለ ሁሉ ታረደ። በሁለተኛ ጎዳና አያርዱም፣ ይስቃሉ፤ የቱ እንደሚከፋ አንሼልን መጠየቅ ነው። የተዋንያን ማኅበር ለመግባት በአባላቱ ሁሉ ፊት ሲፈተን የንጉሥ ንግግር መርጦ፣ ገና ከመጀመሪያው መስመር «ሳቤስ» ብሎ፣ መቶ ሰው ሆዱን ይዞ ወንበር ላይ ተንከባሎበታል። በዓመቱ የሰካራም ንግግር ይዞ ተመለሰና አለፈ። «አቤት ችሎታ! የሰካራም ምላስ አስመስሎ ሲያኮላትፍ!» ብለው አጨበጨቡለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመድረክም በቤትም ያቺን ድምፅ ሲሸሻት ኖረ።

«ስትስቂብኝ ኖረዋል ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ፤ «አንቺ»ና «እርስዎ» ተምታተውበት።

«ሳቅሁ?» ጺቭዬ ሽርጧን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ሳቅሁ ነው ያልከኝ? አንተ የማትረባ፣ ጥራዙን ደረቴ ላይ አድርጌ እኮ ነበር የምተኛው! ቴፐርማን ላይ ሕዝቡ አበባ ሲወረውር እኔ ከሥር ሆኜ 'የኔ ነው፣ የኔ ፖስተኛ ነው' እል ነበር። ኮራሁብህ እንጂ መቼ ሳቅሁብህ?»



ፍሬይድል ጥራዙን ወደ ራሷ ሳበች። «ላንብበው» አለች። በአባትየው መስመሮች ላይ ጣቷን እያስኬደች ገጽ በገጽ ወረደች። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ጺቭዬ ጣቷን ብቻ ነበር የምታየው።

አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ጣቷ ቆመ። «እዚህ አለች» አለች፤ ድምፅዋ አዝኖ። «'ሻ!' ይላል፤ 'ጸጥ በሉ!' ለማለት። አባትየው ነው የሚለው።»

አንሼል ዐይኑን ጨፈነ። ጺቭዬ ግን ተስፈንጥራ ጥራዙን ነጠቀቻትና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ያ የሻከረ የአስታዋሽ ጉሮሮዋ እስኪያስላት ሳቀች።

«ቀለሙን እይው እንጂ፣ ልጄ! ቀይ እርሳስ! የቴፐርማን እጅ ነው! ልጅየዋ በምትሞትበት ቦታ ላይ ሰገነት ያሉት ወፈፌዎቹ 'ላዛር! ላዛር!' እያሉ አላስጫውት ሲሉት፣ ከሬሳው አጠገብ ቀና ብሎ 'ሻ!' ብሎ ጮኸባቸው። ሕዝቡ ወደደለት። በነጋታው ጽፎ አስገባት!»

«ሴት ልጁ ሞታ፣ ከለቅሶው መሀል!» አለ አንሼል። «እኔ ፖስታዬን ይዤ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ነበር። ልገድለው ነበር!» እሱም ሳቀ፤ ሳይፈልግ፣ በአፍንጫው። ሦስቱም ሳቁ።

ፍሬይድል ዐይኗን ጠርጋ ከሻንጣው ውስጥ በአንሼል እጅ የተጻፉትን ሁለት ተውኔቶች አወጣች። በአንደኛው ዋናው ሰው ዓይነ ስውር ልብስ ሰፊ ነው፤ በሌላው ባሏ የሞተባት እህቱን የሚጦር ወፍጮ ቤት ጠባቂ። ከዚህ አሥር ገጽ ከዚያ አሥር ገጽ አየች። ልብስ ሰፊው አፍ ውስጥ ሺን የለችም። ወፍጮ ጠባቂውም «እርስዎ» እያለ ነው እህቱን የሚያናግረው።

«ሦስት ተውኔት፣ አንድ ምላስ» አለች። «ቴፐርማን ደግሞ የደቡብ ሰው ነው፤ 'ሽ' ሲል ወለል እንደሚጠርግ መጥረጊያ ነበር ይሉታል። ይሄማ ከፊርማ ይበልጣል!» ድንገት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ቆይ፣ ያ ዝምታስ? የመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ! አባትየው ከሃያ ዓመት በኋላ በሩን ሲያንኳኳና ልጁ ሲከፍትለት! አስተማሪዬ አንድ ሙሉ ሰዓት ነው ያስተማሩን፤ 'የቴፐርማን ዝምታ' ብለው።»

«የማን?» አለ አንሼል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ወደ እነሱ አዞረው። «ስሚኝ፣ ልጄ። ሰው በር ላይ ሲቆም ምን ይላል? አንቺ ምን ትያለ...» ቆመ። ትንፋሽ ወሰደ። «ምንድን ነው የሚባለው?»

«ሾሌም አሌይኸም» አለች ፍሬይድል፤ ሰላም ለእናንተ ማለት ነው።

«ከሃያ ዓመት በኋላ የመጣ አባት ደግሞ ሌላ ምን ሊል ነው? ቢያሊስቶክ ውስጥ ሦስት ቀን ያለ እንቅልፍ አሰብኩበት። ያቺ ቃል በምላሴ አትገባም። ብላት አዳራ... ሕዝቡ ይስቃል፤ አባቱ ተመልሶ፣ ሕዝቡ ይስቃል! በአራተኛው ቀን፣ እንግዲያው ዝም ይበል አልኩ። ኮፍያውን ያውልቅና ይቁም። ልጁ ፊቱን ሳይሆን ራሰ በራውን አይቶ ይወቀው። ብዕሩን አስቀምጬ አለቀስኩ።»

ቴፐርማን እስኪሞት ድረስ በየቡና ቤቱ ያንን ዝምታ እንዴት እንዳገኘው ሲያወራ ኖሯል። አንድ ጊዜ በሕልሜ አየሁት ብሏል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከአያቴ ወረስኩት።

ፍሬይድል ላጲሷን አወጣች። አሥራ ስምንተኛው ተራ ላይ የተጻፈውን አጠፋችና በጥንቃቄ «አንሼል ሩድኒክ» ብላ ጻፈች። እርሳሷን ግን አላስቀመጠችም።

«ሬብ አንሼል፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከሥሩ ማስረጃው መጻፍ አለበት፤ ያለዚያ አለቃዬ መልሶ ይሰርዘዋል። ማስረጃው ደግሞ ምላስዎ ነው። ታትሞ ይወጣል። ሰው ሁሉ ያነበዋል፣ የሳቁብዎትም ጭምር። ካልፈለጉ አልጽፍም፤ ያኔ ግን ስሙ የቴፐርማን ሆኖ ይቀራል።»

ጺቭዬ ስታስታውስ የኖረች ሴት ናት፤ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው ዝም ብላ አይታ አታውቅም። አሁን ግን ከንፈሯን ነከሰች። ይቺን ቃል ማንም ሊመግበው አይችልም።

አንሼል ተነሣ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ መድረክ ላይ እንደሚቆም አንድ እግሩን ቀደም አድርጎ ቆመ።

«እሲ» አለ።

ጺቭዬ ወንበሩን ያዘች።

«እሲ፣ ጻፊው! ሳትፈሪ ጻፊው! 'ደራሲው ከሃያ ሁለቱ የአይሁድ ፊደል አንዷ አልታዘዘው ስላለች ትቷት ሄደ፤ በቀሩት ሃያ አንዱ ግን በየቀኑ ሁለት ሲህ ሰው አስለቀሰ' በይ! ቴፐርማን ሁሉም ነበሩት፣ ምን ጻፈባቸው? 'ሳ!' ብቻ! የሳቁብኝም ያንብቡት። ስድስት ዓመት ሙሉ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው የተነፈረቁት በዚሁ ምላስ ነው!»

ፍሬይድል ቃል በቃል ጻፈችው።

ማክሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። አንሼል ከንጋት ጀምሮ ተላጭቶ፣ ክራባቱን አስሮ፣ ኮፍያውን አድርጎ ነው የጠበቀው። አራቱ ሻንጣዎች በገመድ ታስረው በሩ ጋ ተደርድረዋል። ሲንኳኳ ራሱ ሊከፍት ሄደ። ፍሬይድልና ሁለት ተሸካሚዎች ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

አንሼል ኮፍያውን አወለቀ። ዝም አለ።

ልማድ ክፉ ነው። ጺቭዬ ምድጃው ጋ እንደቆመች፣ ሳታስበው፣ በዚያ በአሮጌ ሹክሹክታዋ «ሾሌም...» አለችው። «ሽ»ዋ እንደ ድሮው እየተሳበች በሩ ድረስ ሄደች።

አንሼል ዘወር ብሎ ገላመጣት፤ ቃሉን የሚያውቅ ተዋናይ አስታዋሽን እንደሚገላምጥ። ወደ በሩ ተመልሶ ደረቱን ነፋ።

«ሶሌም አሌይኸም!» አለ። ድምፁ ሦስት ፎቅ ወረደ። ታች የምትኖረው ጎረቤታቸው በሯን ከፍታ ማን እንደመጣ ጠየቀች።

«አሌይኸም ሾሌም፣ ሬብ አንሼል» አለች ፍሬይድል፤ ከማተሚያ ቤት የወጣውን ዝርዝር ሰጠችው። ቆሞ አነበበው። ሁለቴ አነበበው። ተሸካሚዎቹ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ አወረዱ፤ ቤቱ ባዶ ሆነ። አንሼል ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተ፤ በሩን ዘግቶ ወደ ወጥ ቤቱ መጣ።

«ጺቭዬ» አለ። «ሳይ አለ?»

«ምን አለ?»

«ሳይ! ሰምተሳል። አንቺ አፍልተስ የሰጠስኝን ሳይ ሠላሳ አምስት ዓመት 'ብርጭቆ' እያልኩ ጠጣሁት።» ጉሮሮውን ጠረገ። ለዚህኛው ኮቱን መቆለፍም ረሳ። «ሌላም ያላልኩስ ነገር አለ። እወድሳለሁ።»

ለከተማው ተዋናይ ሁሉ ቃል ስትመግብ የኖረችው ሴት ቃል ጠፋት፤ የሚያስታውሳት ደግሞ አልነበረም። ማንቆርቆሪያውን ጣደች።